የትርፌ ይቅርታ

ሶዶ ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሰው «ሀብተሚካኤል ቁጡ ነው» ይላል። ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው በደል እየጻፈ የማይቆጣ ካለ እሱ ጸሐፊ ሳይሆን ኮፒ ማሽን ነው። በትርፌ ጉዳይ ግን የተቆጣሁት በራሴ ነው።

ትርፌ የሻንቶ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ገበያ ላይ ቅቤ እየሸጠች ሁለት ሴት ልጆች ታሳድጋለች። የባሏ ወንድም ኤርካሎ «ቤቱም የእንሰት ጓሮውም የአባቴ ነው» ብሎ ከሰሳትና ረታት። ባሏ ቦታውን በስሙ ያስመዘገበበትን የይዞታ ደብተር ዳኛው ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ይግባኝ ብትል ታሸንፍ ነበር ብዬ ዛሬም እምላለሁ። ለይግባኝ የነበራት ጊዜ ስልሳ ቀን ብቻ ነበር።

ጠበቃዋ አንጁሎ አብሯት የሚያመልክ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ነው። ወንድሜ ነው ብላ ውክልናውን ሰጠችው። በጠየቀችው ቁጥር «እህቴ፣ ገብቷል፤ አንቺ ጸልዪ» ይላታል። በአራተኛው ወር ራሷ መዝገብ ቤት ሄዳ ብትጠይቅ በስሟ የገባ ነገር የለም። አንጁሎ ረስቶታል። በቃ፣ ረሳው። ጊዜው ያለፈው ይግባኝ ይፈቀድልኝ ብላ አመለከተች። ፍርድ ቤቱ የጠበቃ ጥፋት በቂ ምክንያት አይሆንም ብሎ መለሳት፤ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሁለት ወር ቆይታ እኔ ጋ መጣች። «ጋሼ ሀብቴ፣ ቤቱን አስረክቢ ተብያለሁ። ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። አንጁሎን ራሱን እንክሰሰው፣ በእሱ ጥፋት ያጣሽውን ቤት ግምት ይክፈል፣ ቢያንስ ሌላ ጣራ ታገኛለሽ አልኳት። ጠበቃ መክሰስ ግን ቀላል አይደለም። ጠበቃሽ ነበር ወይ፣ አጥፍቷል ወይ ይባላል። ከዚያ ደግሞ ባያጠፋ ኖሮ ታሸንፊ ነበር ወይ ይመጣል፤ ብዙውን ሰው የሚጥለው እሱ ነው። ያልገባውን ይግባኝ እንደገባ አድርገሽ ማሸነፍ አለብሽ። ሁሉንም አሟልቼ ጻፍኩ፣ ደብተሩንም አያያዝኩ። እንደዚያ ያማረ ክስ ጽፌ አላውቅም። የፈረምሽው ነገር አለ ወይ ብዬ ግን አልጠየቅኋትም።

በቀጠሮው ቀን አንጁሎ አንድ ወረቀት አቀረበ። የቤተ ክርስቲያን ቃለ ጉባኤ ነው። ለካ እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት፣ አማኝ አማኝን በዓለም ዳኛ ፊት አያቆምም ብለው ሽማግሌዎቹ አስታርቀዋቸዋል። አንጁሎ እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ኤርካሎንም ለምኜ የመልቀቂያ ጊዜ አስጨምርልሻለሁ አለ። እሷም አለቀሰች። ከዚያ ተጻፈ፦ «ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ጠይቆኛል። እኔም ከልቤ ይቅር ብየዋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ አልጠይቀውም።» ፊርማዋ ከሥሩ አለ።

ዳኛዋ ወጣት ናት። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። ጥፋቱን ራሱ አምኗል፣ ይግባኙም ያዋጣ እንደነበር ደብተሩ ያሳያል አለች። ተስፋ አደረግሁ። ቀጥላ ግን ሁለት ሰዎች በእርቅ የጨረሱትን ፍርድ ቤት እንደገና አይከፍተውም አለችና፣ «ተገደሽ ነው የፈረምሽው?» ብላ ጠየቀቻት።

አዎ በዪ፣ አዎ በዪ እላለሁ በሆዴ።

«ያስገደደኝ የለም» አለች ትርፌ። «ከልቤ ነበር። ይቅር ያልኩት እሱን ነው፤ ቤቴን መች ሰጠሁ?»

ክሱ ውድቅ ሆነ።

ውጭ ስንወጣ ጮኽኩባት። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«አልጠየቁኝም። ደግሞ ሰው ይቅር አልኩ ብሎ ያወራል?» አለችኝ።

አፈርኩ። እሷ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አጠበቀች።

«ጋሼ፣ አንድ ማመልከቻ ይጻፉልኝ። ይቅርታዬን መልሼ መውሰድ እፈልጋለሁ።»

የምትቀልድ መስሎኝ አየኋት። አትቀልድም። ወረቀት አወጣሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

«ለማን ብዬ ልጻፈው?» አልኳት።

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ» አለች። «ቤቱን ሐሙስ ነው የማስረክበው። ከሐሙስ በፊት ይድረስልኝ።»