ጫማ የሚወለቅበት ፍርስራሽ

ትናንት ከሰዓት በኋላ በፈረሰው ቤታችን ውስጥ ብሎኬት ላይ ቁጭ ብዬ ነበር... አንዲት ፈረንጅ ደብተር ይዛ ልትጎበኘን መጣች።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ልንገራችሁ። መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር ነው። ለመንገድ ተብሎ ሐምሌ ላይ ፈረሰ። የቀረው ወለሉና አንዲት ግድግዳ ነው። እሷንም ነገ ማሽን መጥቶ ይጥላታል። እኛ አክስቴ ጋ ተጠግተናል። ትናንት ልሰናበታት ነው ብቻዬን የሄድኩት። ሰው ፊት ማልቀስም ማውራትም አልችልበትም።

ልጅቷ ከአገሯ ለትምህርት የመጣች ተማሪ ናት። ከጓደኞቿና ከአስተማሪያቸው ጋር አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርን ዞረው ጨርሰዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ «ጥንታዊ ቦታ ራሳችሁ ፈልጉ» ተብለው ተበትነዋል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። አማርኛዋን የተማረችው ከመጽሐፍ እንደሆነ ግን አፏን ስትከፍት ያስታውቃል።

መንገድ ዳር ሸራ ለሚሸጠው ጎረቤታችን ለጋሼ ሙሄ እንዲህ ስትለው ሰማኋት።

«ጤና ይስጥልኝ። ጥንታዊ ፍርስራሽ እሻለሁ።»

ጋሼ ሙሄ «ጥንታዊ» የምትለዋን ዘለላት። ሰሞኑን ሰፈራችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ከፈረሰ ቤት የወጣ በርና ቆርቆሮ ፈላጊ ነው።

«ፍርስራሽ ከሆነ ይኸው፣ የእትዬ ዘይነባ ነው። በርና መስኮቱ ግን ሄዷል» አላት፤ እትዬ ዘይነባ የሚላት እማዬን ነው።

«ማን ወሰደው? ዘራፊዎች?»

«ኧረ ሰባተኛ ያሉት የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ናቸው።»

በሐዘን ራሷን ነቀነቀችና ጻፈችው።

ከዚያ ገባች። ግድግዳችንን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። ቀለሙ የተላጠበት ጋ ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ሮዝ ይታያል።

«ሦስት ሥርወ መንግሥት» አለች ለራሷ።

አልተሳሳተችም። ሮዙን አያቴ አስቀባችው፣ ሰማያዊውን እማዬ። አረንጓዴው የአባባ ነው። ርካሽ ቀለም ስለገዛ የእሱ ዘመን ቶሎ ተላጠ።

ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ያልደበዘዘ ቦታ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«እዚህ ጣዖት ነበር?»

እማዬ ብትሰማ ራሷን ትስት ነበር። ቴሌቪዥን ነው ልላት ፈለግኩ... አቀረቀርኩ። ሳቀረቅር ምስጢር የያዝኩ መሰላት መሰለኝ፣ እሱንም ጻፈችው።

እየጻፈች ወደ መሐል መጣች። እዚያ ቀዩ ምንጣፋችን ይነጠፍ ነበር። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የጮኸችው በዚያ ምንጣፍ ምክንያት ነው። እንግዳ ሁሉ በሩ ላይ ያወልቃል፣ አባባ ብቻ ሁሌ «ረሳሁት» እያለ በጫማው ይገባል። እና ጭቃ የያዘው የልጅቷ ጫማ እዚያ ሊያርፍ ሲል ከአፌ የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። የእማዬ ነበር።

«ጫማሽን!»

ቀጥ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ተመልሳ፣ በር በነበረበት በኩል ወጥታ ጫማዋን አወለቀች።

«ቅዱስ ቦታ ነው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ለምን እንደነቀነቅኩ እኔም አላውቅም።

ስልክ ደወለች። ትንሽ ቆይቶ ጓደኞቿ መጡ። ሽበታሙ አስተማሪያቸው ቀድሞ አወለቀ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። ጫማው በሩ በነበረበት ጋ ተደረደረ።

መርካቶ ደግሞ የወለቀ ጫማ ተደርድሮ እያየ ዝም ብሎ አያልፍም።

«ምን ተገኘ?»

«ቅርስ ነው አሉ።»

«ባክህ ወርቅ ነው።»

ጋሼ ሙሄ ራሱ፣ ያቺን ግድግዳ ሲያያት የኖረው ሰውዬ፣ ሸራውን ትቶ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ገባ።

አስተማሪው የሆነ ነገር ጠየቀ። ልጅቷ ተረጎመችው።

«እዚህ ማን ይኖር ነበር?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያን ያህል ሰው አንድ ላይ አይቶኝ አያውቅም።

«እኛ» አልኩ።

«እናንተ... መቼ?»

«እስከ ሐምሌ።»

ወዲያው አልተረጎመችለትም። መጀመሪያ ደብተሯን ዘጋች። ስትነግረው ሰውየው ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ ባዶ እግሩን አየ። ጫማዬን ላድርግ ያለ ግን አንድም አልነበረም።

ይሄኔ እማዬ ደረሰች። ወሬው አክስቴ ቤት ድረስ ሄዶ ነው። «ያ አላህ፣ ሚስማር አለ እኮ፣ እግራቸውን ይወጋቸዋል!» እያለች ነበር የምትሮጠው። የተደረደረውን ጫማ ስታይ ግን ሩጫዋን ገታች። የራሷን አውልቃ ዳር አስቀመጠችና ገባች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለቻቸው። «አፉ በሉን፣ መቀመጫ እንኳ የለም።»

አባባ ከኋላዋ ነበር። በጫማው ገባ።

«አንተ ሰውዬ» አለችው።

«ምንጣፉ እኮ ተነስቷል፣ ዘይነባ።»

«እና እነሱ ለምንጣፍ ነው ያወለቁት?»

አባባ ፈረንጆቹን አየ፣ ጋሼ ሙሄን አየ፣ እኔን አየኝ። ተመልሶ ወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ፈታ። በዚያ ቤት ዕድሜ የመጀመሪያው ነው።

ነገ ጠዋት ማሽኑ ሲመጣ ሹፌሩንም «ጫማህን!» ልለው አስቤያለሁ... ካላፈርኩ።