ቅቤ የጠጣው ሸራ

ባለፈው ክረምት ሆሳዕና መናኸሪያ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል። የባጃጁ ሸራ ልክ ከጉልበቴ በላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ነበረችው፤ በእሷ በኩል ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ በመስታወቱ አየኝና «ማዘር፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፤ እዚያ ጋ ያፈሳል» አለኝ። ቀና ብዬ ቀዳዳዋን ሳያት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ረሳሁት ያልኩት የሻገተ ቅቤ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ።

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ በዚህች ከተማ መኪና ብርቅ ነበር። እኛ ልጆች ገና ከሩቅ በድምፁ ብቻ የማን መኪና እንደመጣ እንለይ ነበር። አባቴ ላምቤቦ የጋሽ ወልዴ ሹፌር ነበር። ጋሽ ወልዴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሆሳዕና ላይ ጨርቃ ጨርቅና ጨው የሚነግድ ሰው ነው፤ ባለ ሸራ ላንድሮቨር ነበረው። በበጋ ሸራው ወደ ኋላ ይታጠፍና መኪናው ተገልጦ ይሄዳል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ በብረት ቅስቶቹ ላይ ተወጥሮ በጠፍር ይታሰራል። እኛ የምንኖረው ከጋሽ ወልዴ ግቢ ጓሮ፣ ለሹፌሩ በተሰጠች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። ከዚያች ቤት እየተነሳሁ አራተኛ ክፍል እማር ነበር። አባቴ ራሱ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ነው፤ እኔን ግን ነርስ ሊያደርገኝ ቆርጦ ነበር። ቤቱም፣ ትምህርቴም፣ ነርስነቴም በዚያች መሪ ላይ የተንጠለጠሉ መሆናቸውን ማን ይነግረኛል? ለእኔ መኪናዋ መኪና ብቻ ነበረች።

አባቴ ሞተሩን ያህል፣ እንዲያውም ከሞተሩ በላይ፣ ለሸራው ይጨነቅ ነበር። «ብረት ቢጎዳ ይበየዳል፤ ሸራ ከበሰበሰ ግን በሰበሰ ነው» ይል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይጠርገዋል፤ ወደ ጎን ማሸት አይወድም። ከዚያ ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ያፈስበታል። ሳሙና ማስጠጋት ነውር ነው። እንዶድም ለጋቢ እንጂ ለሸራ አይሆንም፤ ሸራው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ቅባት ይገፍፈዋል ይላል። የወፍ ኩስ ሲያርፍበት ብቻ ለብ ያለ ውሃ በጨርቅ ነክሮ፣ እንደ ሕፃን ፊት እያባበሰ ያነሳዋል። ሲያበቃ ጥላ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቅለዋል። ሳይደርቅ ማጠፍ በእሱ ዘንድ ኃጢአት ነበር፤ ይህን የምለው ቀልዴን አይደለም።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሳያበቃ፣ ሸራውን ሰም ያጠጣዋል። ሰሙን በቆርቆሮ አድርጎ ሙቅ ውሃ ውስጥ ያቀልጠዋል፤ ከእሳቱ ራቅ አድርጎ ነጭ ጋዝ ይቀላቅልበትና በአሮጌ ጨርቅ ያሸዋል። የእኔ ሥራ መፈተን ነበር። በኩባያ ውሃ ይሰጠኝና «አፍሺበት» ይለኛል። ውሃው ኮባ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጠብታ ተንከባሎ ከወረደ አባቴ ፈገግ ይላል፤ ወደ ውስጥ ከሰረገ እንደገና ያሸዋል። ያቺ ኩባያ ስትሰጠኝ የሚሰማኝ ኩራት ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲህ ያለ ሥልጣን ሰጥቶኝ አያውቅም።

የዚያን ዓመት መስከረም ሲጠባ የአክስቴ ባል አንጋጫ በሚባለው አገር ሞተ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር መኪና አያልፍም፤ አባቴ በእግሩ ሊሄድ ተነሳ። ሰሙም አልቆ ነበርና ከለቅሶው ሲመለስ ከአንጋጫ ገበያ ሊያመጣ አሰበ። ሸራውን አውርዶ አጥቦ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሰቀለውና እናቴን ሳይሆን እኔን ጠራኝ። «ሲደርቅ ከእናትሽ ጋር አጥፋችሁ እህል ጎተራው ክፍል አስገቡት። እኔ ስመጣ ሰሙን አጠጣዋለሁ። ደግሞ መስቀል ደርሷል፤ ጋሽ ወልዴ ቤተሰቡን ይዞ አገሩ ይገባል፤ ሸራው የሰው ዓይን ያየዋል» አለኝ። ሦስት ቀን ብሎ የሄደ ሰው አክስቴን ጥሎ መምጣት አቅቶት አሥራ ሁለት ቀን ቆየ።

በሁለተኛው ቀን ሸራውን ስዳብሰው ጠጠር ብሎ፣ ከስፌቱ አካባቢ ተሰነጣጥቆ አየሁት። አዘንኩለት። እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ዊጆ ትጠጣ ነበር፤ ዊጆ ማለት በየሳምንቱ ሴቶቹ ቅቤ እያዋጡ በተራ የሚወስዱበት ማኅበር ነው። ለመስቀል ብላ ያቆየችው ተራዋ ደርሶ አንድ እንስራ ሙሉ ለጋ ቅቤ ጓዳ ተቀምጧል። እኛ አገር ደግሞ ቅቤ የማይገባበት ነገር የለም። ፀጉር ይቀባል፤ ቁርበት ይለሰልስበታል፤ የመኪናው ጠፍሮች ራሳቸው ሲደርቁ አባቴ ቅቤ ነበር የሚቀባቸው። እናቴም «የደረቀ ነገር ሁሉ ቅቤ ተጠምቶ ነው» ትል ነበር። ታዲያ ሸራው ምን በደለ? እናቴ ገበያ ስትወጣ ከእንስራው በሁለት እጄ እየዛቅሁ አሸሁት። ጥግ እስከ ጥግ፣ ስፌት በስፌት። ስጨርስ ኩባያዬን አምጥቼ ውሃ አፈሰስኩበት።

ተንከባለለ! ከሰሙ እንኳን በልጦ ተንከባለለ። ለብቻዬ ግቢው መሃል ዘለልኩ። አባቴ ሲመጣ የሚለኝን እያሰብኩ ፊቴ በራ። ወዲያው ሰማዩ ጠቆረና ጠብታ ሲጥል፣ እየሮጥኩ ሸራውን አውርጄ፣ አንዱን ጫፍ በቅጡ ሳላደርቀው፣ በአራት በአራት አጣጥፌ ጎተራው ክፍል ጎተትኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን የለቀመው ግን ሌላ ሰው ነው።

አባቴ የመጣው ጋሽ ወልዴ ለመስቀል ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ጭቃው እስከ ጉልበቱ፣ ፊቱ በለቅሶ የከሳ፤ እጁ ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ የሰም ድቡልቡል። እኔ «ሰሟ አታስፈልግም!» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀጥ ብሎ ጎተራው ገባና ሸራውን ተሸክሞ አውጥቶ ግቢው ላይ ዘረጋው።

ቅቤው የሸተታቸው አይጦች በልተውታል፤ የበሉትም እንደታጠፈ ነው። ስለዚህ ሲዘረጋ አንዱ ቀዳዳ እየተደጋገመ፣ በመደዳ፣ ልክ በመቀስ እንደተቆረጠ ወረቀት እየተፈታ መጣ። የረጠበው ጫፍ ሻግቶ አረንጓዴ ሆኗል። ሽታው ግቢውን ሞላው። ጋሽ ወልዴ ከሱቁ ወጣ፤ ሚስቱም አራስ ልጇን ታቅፋ በረንዳ ላይ ቆመች።

«ላምቤቦ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለ ጋሽ ወልዴ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «ቅቤ ነው እንዴ? ማነው ሸራ ላይ ቅቤ የቀባው?»

አባቴ ሸራውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ከዚያ ወደ ጋሽ ወልዴ አላየም፤ ወደ እኔ አየ። እኔ የውሃ በርሜሉን ተደግፌ ቆሜያለሁ። እናቴ በራችን ላይ እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ የእንስራዋ መጉደል ያን ጊዜ ገባት። አባቴ ከእኔ ላይ ዓይኑን ያነሳው ቀስ ብሎ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ? አንተ ላምቤቦ?»

«ሰም አልቆብኝ ነው፣ ጋሼ። የሚሆን መስሎኝ ነው።»

አባቴ ጸሎት ቤት መዝሙር የሚያስጀምር፣ ሰው ለምስክርነት የሚጠራው ሰው ነበር። ሲዋሽ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ያን ጊዜ «እኔ ነኝ» ብዬ መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። ዱላ ፈርቼ ነው፤ ሌላ ጥልቅ ምክንያት የለኝም።

ጋሽ ወልዴ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ካልገባ ምን ሰው ነው? አባቴ ቀን ሙሉ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ፣ ቀዳዳዎቹን በጆንያ ጣፈ፤ ከላይ ኮባ ቅጠል ደረበበት። በማግስቱ ይዟቸው ሄደ። አገራቸው የገቡት ከውስጥም ከውጭም በስብሰው ነው፤ አራሱ ሕፃን ሳል ያዘው። ሕፃኑ ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ግን አልዳንንም። ከበዓሉ መልስ ጋሽ ወልዴ አባቴን ቆሞ አነጋገረው፤ ድምፁን እንኳ አላነሳም። አዲሱ ሸራ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ አዲስ ሹፌርም አብሮት መጣ።

ከተማው ሳቀብን። «መኪና እንደ ሙሽራ ፀጉር ቅቤ የቀባው» ይሉት ነበር፤ ሌላ ባለ መኪናም የሚቀጥረው ጠፋ። ጥቅምት ላይ ዕቃችንን በሁለት አህያ ጭነን፣ አጎቴ ጭሰኛ ሆኖ ወደሚያርስበት ወደ ሾኔ ወረድን። ሰሟም አብራን ወረደች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥላ ስንት ዘመን ኖረች፤ አባቴ አልሸጣትም፣ አልጣላትም፣ አልነካትም። እኔ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ፊደል ወደ መቁጠር የተመለስኩት ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ነርስነቱማ ለሌሎች ልጆች ደረሰ።

አባቴ መሪ ዳግመኛ አልጨበጠም። ጸሎት ቤትም መዝሙር ማስጀመር ተወ፤ የኋላው አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ምክንያቱን እናቴ የነገረችኝ ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው። ለሽማግሌዎቹ ሄዶ «ዋሽቻለሁ» ብሏቸዋል። «ምን ብለህ?» ሲሉት ግን ዝም አለ። ቢናገር እኔን ሊያወጣኝ ነው፤ ካልተናገረ ንስሐው ሙሉ አይሆንም። እንዲሁ በመሃል ቆሞ አረጀ።

በሾኔ የገበያ ቀን መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፉትን መኪናዎች ያይ ነበር፤ ሰው ሞተሩን ሲያደንቅ እሱ ጣሪያውን። አንድ ቀን አንዱ ሹፌር ረጥቦ የሚንጠባጠብ ሸራ ሲያጣጥፍ አይቶ «ልጄ፣ ሳይደርቅ አትጠፈው» አለው። ልጁ ከእግር እስከ ራሱ አየውና «አንተ ሽማግሌ ደግሞ ስለ መኪና ምን ታውቃለህ?» ብሎ ሳቀ። አባቴ «እውነትህን ነው» አለ። አጠገቡ ነበርኩ፤ አሁንም ዝም አልኩ።

ሊሞት ሰሞን፣ ብቻችንን ሆነን፣ «አባባ፣ ያን ሸራ…» ብዬ ጀመርኩ። እጁን አነሳና አስቆመኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሲያስበው የኖረ በሚመስል ድምፅ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ስታጥፊው ደርቆ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ። ደርቆ ነበር።»

«ጎበዝ» አለኝ፤ ዓይኑንም ጨፈነ። እሱ ለእኔ አንድ ጊዜ ዋሸ፣ እኔም ለእሱ አንድ ጊዜ። የእሱ ውሸት ኑሮውን በላው። የእኔ ምን እንዳደረገለት አላውቅም፤ በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።

ድሮ ጥሩ ነበር የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ድሮ አንድ ሸራ ሲቀደድ አንድ ቤተሰብ አብሮ ይቀደድ ነበር። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ልጁን «ይኼ ሸራህ ሲያልቅ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። ሳቀ። «ምን ይደረጋል ማዘር፣ ይቀየራላ! ሸራ ሞልቷል።» ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እጄን ዘርግቼ ጣሪያውን ነካሁት፤ ፕላስቲክ ነው፣ ቅቤም ሰምም አይጠጣም።

«ኧረ ማዘር፣ ረጠቡ እኮ! ጠጋ ይበሉ» አለኝ ደግሞ።

«እሺ ልጄ» አልኩት። ጉልበቴ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ጠጋ አላልኩም።