የእኚህ ሽማግሌ ጧሪ ማን ነው?

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ አስመራ። አረጋውያንን ማን እንደሚጦራቸው ለሚያጠና አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ቅጽ እሞላ ነበር። ሰኞ ዕለት ዓኽርያ ሰፈር፣ አንድ አናጢ ቤት ገባሁ። ጥግ ላይ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«እሳቸው ማን ናቸው?» አልኩት።

«አቦይ ተስፉ፣ አባታችን ናቸው» አለኝ። ጻፍኩ።

ረቡዕ ከዚያ ራቅ ብላ ወደምትኖር ልብስ ሰፊ ቤት ብገባ እኚያው ሽማግሌ ሻሂ ይጠጣሉ። «አባታችን ናቸው» አለችኝ እሷም። የአናጢው እህት ትሆን ብዬ ጠየቅኳት፤ ዝምድና የላቸውም። አርብ ደግሞ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ቤት አገኘኋቸው። «አባታችን!» አለ እሱም።

ግራ ገባኝ። አንድን ሰው ሦስት ቤት መዝግቤ አለቃዬ ዘንድ ብቀርብ ቤቴ ተቀምጬ የሞላሁት ነው የሚመስለው፤ ከሥራ መባረሬ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አቦይ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የማን አባት ነዎት?»

«የማንም። ልጅ አልወለድኩም» አሉ ሳቅ ብለው። «እነዚህ ሦስቱ ናቸው ሁለት ሁለት ቀን የተካፈሉኝ።»

«እሁድስ?»

«እሁድማ ፓራዲዞ ሰፈር ነኝ። ወይዘሮ አዜብ የምትባል ደግ ሴት መጥታ ትወስደኛለች። ልጇ እሁድ እሁድ ኳስ ሜዳ ስለሚውል የእሱን ምሳ እኔ እበላለሁ።»

እስክሪብቶዬ ቅጹ ላይ ቀረ። ወይዘሮ አዜብ እናቴ ናት።