የሐጃ ዙበይዳ ጣት

ጸጋው መብራት ዘርግቶ ሲጨርስ ሳይጸልይ ዕቃውን አይሰበስብም። ጸሎቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ክፍሉን ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ነው። ሠላሳ ዓመት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ከማሽን ጋር ሲጮህ የኖረ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቀስ ብሎ መናገር ከየት ያመጣል? ጡረታ ወጥቶ ደሴ ከገባ ወዲህ እሱን የሚያህል ባለሙያ ፒያሳን ቢዞሩ አይገኝም። ይህንን እሱም ያውቃል፤ ትንሽ አብዝቶ ያውቃል።

በ2008 ዓ.ም. ሐጃ ዙበይዳ አስጠሩት። ሐጃ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ልጆቻቸውን ወልደው ባሳደጉበት ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ማብሪያውን በጨለማ ሲዳብሱ ወድቀው ሁለት ወር ተኝተዋል። ኮምቦልቻ የሚነግደው የመጨረሻ ልጃቸው ጀላል ወስጄ እኔ ጋ አኖራቸዋለሁ አለ። እሳቸው ደግሞ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው አሉ። ዱባይ ያለችው ልጃቸው ጣይባ ማስታረቂያ እንዲሆን አንድ ካርቶን ላከች፦ ሰው ሲንቀሳቀስ አይቶ መብራት የሚያበራ፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ሴንሰር። ግማሽ ሰዓት እንቅስቃሴ ካጣ መብራቱን ያጠፋና ለጀላል ስልክ መልእክት ይልካል። አንድ ወር ይሞከር፣ ከሠራ እማ ከቤቷ አትነቃነቅም ተባብለው ተስማሙ።

ጸጋው ሴንሰሩን ጣሪያው ጥግ ሰቀለው። የሐጃ ድመት ባለፈች ቁጥር መብራቱ ቦግ ሲል ጊዜ፣ የንቃቱን መጠን በስልኩ ከአሥር ወደ ሦስት አወረደው። ከዚያ እንደ ልማዱ እየተንጎራደደ ጸለየ። መብራቱ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ሁሉን በራሱ ቁና ሰፍሮ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከመግሪብ በኋላ፣ የጀላል ስልክ ጮኸ። “እንቅስቃሴ የለም” ይላል። ጀላል ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ያንን ጠመዝማዛ የደሴ ዳገት በመኪናው ወጣው፤ እንዴት እንደወጣው እስከ ዛሬ አያውቅም። በሩን በርግዶ ሲገባ እናቱ በጨለማ መስገጃቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ መቁጠሪያ ሙስበሃቸው በእጃቸው ነው።

“ምን ሆንክ ልጄ?” አሉት።

ጀላል መጀመሪያ አለቀሰ፤ ቀጥሎ ተቆጣ። “በቃ እማ፣ ጁምዓ ዕቃሽን እጭናለሁ” ብሎ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።

በማግስቱ ሐጃ ለጸጋው ደውለው “መብራትህ ከቤቴ ሊያስወጣኝ ነው” አሉት። ንግግራቸው አጥንቱ ድረስ ተሰማው። መጥቶም ያን ምሽት ምን ሲያደርጉ እንደነበር እንዲያሳዩት ለመናቸው። መግሪብን ሰግደው እንደጨረሱ ተቀመጡ። እሱም በርጩማ ላይ ሆኖ ይጠብቅ ጀመር። ትከሻቸው አይነቃነቅ፣ ከንፈራቸውም በግድ ነው የሚታየው። አውራ ጣታቸው ብቻ የሙስበሃውን ፍሬ አንድ በአንድ ትገፋለች። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ መብራቱ ድርግም አለ። በጨለማው ውስጥ ፍሬዎቹ ሲጋጩ ይሰማዋል።

ጸጋው ደነገጠ። እንዲህም ይጸለያል ለካ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉት ተረት ለእሱ የተተረተ መሰለው።

“ንቃቱን ወደ አሥር ብመልሰው ድመቷን ሰው ይላታል” አላቸው። “እርስዎ ወድቀው ድመቷ ብትዞር፣ ለጀላል ደህና ናቸው ማለቱ ነው።”

“እሷማ ደህና ናት” አሉ ሐጃ።

ሴንሰሩን ከጣሪያ አወረደና ከመስገጃው ፊት ለፊት፣ በተቀመጠ ሰው ደረት ልክ ግድግዳው ላይ አሰረው። ንቃቱን ዘጠኝ ላይ አደረገ። ወለሉ ላይ የምትዞረውን ድመት እንዳያይ የሴንሰሩን የታችኛውን ግማሽ በጥቁር ናስትሮ ሸፈነ። መልእክቱ ወደ ራሱ ስልክ እንዲመጣ አድርጎም የወደቀ ሰው መስሎ ወለሉ ላይ ተጋደመ። ድመቷ ሆዱ ላይ ወጣች። እሱ ንቅንቅ አላለም። በሠላሳኛው ደቂቃ ስልኩ ጮኸ።

“አሁን እርስዎ” አለና ሴንሰሩ እንዳያየው ከጎኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆመ።

ተቀመጡ። መብራቱ በራ። ጣታቸው ፍሬ ገፋች። ደግማ ገፋች። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ መብራቱ እንደበራ ነው።

“ጣቴን አየኝ?”

“የጣትዎን ሙቀት ነው ሐጃ። ሙቀት ሲንቀሳቀስ ያያል።”

“ሱብሃነላህ” አሉ በቀስታ። ጸጋው ወደ ሴንሰሩ ዞረ። ከብረትና ከመስታወት የተሠራ ዕቃ እሱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ልብ ያላለውን ሙቀት አየ። ያን ቀን ጮኾ መጸለይ አሳፈረው፤ መልእክቱን ወደ ጀላል ስልክ መልሶ ካቻቪቴውን በዝምታ ሰበሰበ።

ጁምዓ ማታ ጀላል መጣና የትርፍ ክፍሉን ፍራሽ አስቀድሞ መኪናው ላይ አሰረ። ሐጃ መግሪብን ልስገድ ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ጸጋው አንዴ ብቻ ይሞከር ብሎ ስለለመነው ጀላል ስልኩን መሀል አድርጎ ከእሱ ጋር ሳሎን ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ሞላ። ሌላም ግማሽ ሰዓት። ከበሩ ሥር ብርሃኑ አልጠፋም፤ ስልኩም ትንፍሽ አላለም። የኢሻ አዛን ሲሰማ ሐጃ ወጡ።

“እማ፣ ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ትያለሽ?” አለ ጀላል።

“ለእናንተ ነዋ ዱዓ የማደርገው። ከትልቁ ጀምሬ ነው፤ አንተ መጨረሻ ነህ።” ቀና ብለው አዩት። “ያን ዕለት በሩን በርግደህ ስትገባ አንተ ላይ ደርሼ ነበር።”

ጀላል ተነሣ። ወጥቶ የፍራሹን ገመድ ይፈታ ጀመር፤ ጸጋውም ሌላውን ጫፍ ያዘለት።