መርዶ ይዤ አትክልት ቦታ ስጎበኝ

አባታችንን ሞጣ ቀብረን ሰልስታቸውን እንዳወጣን፣ ዘመዶቻችን ቢቸና እኔ ቤት መጥተው ሥራ ሰጡኝ። እንግሊዝ አገር ለአንድ ጉባኤ ተጠርቼ ቪዛዬ ወጥቶ ነበር፤ ታላቅ እህቴ ደግሞ የምትኖረው እዚያ ነው። «በስልክ አይነገራትም» አሉ። «ብቻዋን ናት። አንተ ይዘህላት ሂድ።» እንደ ሽሮ መሆኑ ነው። ሽሮም ጨምረውልኛል።

ስለ መርዶ ልማዳችን ሦስት ጊዜ በመጽሔት ጽፌአለሁ። ትልቅን ሰው እንደ ሕፃን ማታለል ነው፣ ሐዘንን ከባለቤቱ ሰርቆ ማቆየት ነው፣ ብዬ። አንዱን ጽሑፍ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡትና «እኔ ስሞት እናያለን» አሉኝ። አየን። ዘመዶቼ ፊት ግን እሺ አልሁ። ያን ሰሞን ለሁሉም ነገር እሺ እል ነበር። ማልቀስ አልመጣልኝም፤ መከራከርም አልመጣልኝም። ሰውነቴ ሲቀመጡበት እንደ ደነዘዘ እግር ነበር፤ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን አይሰማኝም።

እህቴ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ የማነሳው እኔ ነኝ። በተቀበሩ ማግስት ስትደውል «ተኝተዋል» አልኋት። በሌላው ሳምንት «ሞጣ ኔትወርክ የለም» አልኋት። በእኛ አካባቢ ኔትወርክ ከመጥፋቱ ብዛት ይህን ሰበብ የሚጠራጠር ሰው የለም።

እንግሊዝ የደረስሁት ሐሙስ ዕለት ነው። እሷ ባለችበት ከተማ የአበሾች እድር አለ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው። እሷ ገበያ በወጣችበት በስልክ አነጋገሩኝ።

«እሁድ ማለዳ ተሰብስበን እንነግራታለን» አሉ። «ቅዳሜ አብዛኛው ሰው የሥራ ሽፍት አለው። እስከዚያ አጫውታት። ፊትህን ደግሞ ጠብቅ።»

በደህናው ጊዜ ቢሆን ከዚህ ብቻ አንድ ጽሑፍ ይወጣ ነበር። እሺ አልሁ።

ቅዳሜ እህቴ የድሮ መኳንንት ይኖሩበት የነበረ ግቢ ወሰደችኝ። አሁን ሕዝብ ትኬት ቆርጦ አትክልቱን የሚጎበኝበት ነው። ትኬቱን እኔ ሳልመጣ ነው የገዛችው።

«አንተን ለማናደድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም» አለችኝ አውቶቡስ ውስጥ። «ስለ ጌቶች ያለህን ሁሉ ዛሬ ተናግረህ ይውጣልህ።»

በሩ ላይ ፀጉራቸው የነጣ አንዲት በጎ ፈቃደኛ ካርታ ሰጡንና እስከ ሜዳው ድረስ ሸኙን። ያን ያህል ሣር አንድ ከብት ሳይኖርበት አይቼ አላውቅም። ከብቶቹ ከማዶ ናቸው። ከሣሩ ጫፍ ከቤቱ የማይታይ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሯል፤ ከመስኮት ለሚያይ ሰው ላሞቹና ጌታው አንድ ሜዳ ላይ ያሉ ይመስላል፣ ላሞቹ ግን መሻገር አይችሉም። ሴትዮዋ እያሳዩን፣ እዚህ ላይ መንደር ነበር፣ ጌታው ከመኝታ ቤታቸው ሲያዩት ደስ ስላላላቸው መንደሩን አስነስተው ከኮረብታው ጀርባ አሰፈሩት፣ አሉን። ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነበር ያሉት።

እህቴ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች።

«ለእይታ ጥሩ ሆኗል» አልሁ።

«ምን አልህ?»

«እይታው ጥሩ ነው።»

አየት አደረገችኝና መንገዷን ቀጠለች።

ከቤቱ ጀርባ በረጅም የጡብ ግንብ የተከበበ የፍራፍሬ ቦታ አለ። የኮክ ዛፍ ግንቡ ላይ ቅርንጫፉን ግራና ቀኝ ዘርግተው በሽቦና በምስማር አስረውታል። ከሥሩ ስሙ በላቲን ተጽፎለታል።

«የተሰቀለ ሌባ አይመስልም?» አለች እህቴ።

«ግንቡ ሙቀት እንዲሰጠው ነው። ብልሃት አላቸው።»

«ሞጣ የአባባ ሽንት ቤት ጀርባ ያለው ኮክ ማንም ሳይነካው ነው የሚያፈራው።» ቅጠሉን በጣቷ እያሻሸች፣ «ዘንድሮስ አፈራ?» አለች።

«አፍርቷል።»

«በሉለት?»

«በልተዋል።»

የበላው ለለቅሶ የመጣው ሰው ነበር። ድንኳኑ ከዛፉ አጠገብ ስለተተከለ፣ ሰው ሲወጣና ሲገባ እየቀጠፈ ጨረሰው። እኔም ሁለት በልቻለሁ።

ሻይ ቤቱ የፈረስ ጋጣ የነበረ ነው። ሻይና ቂጣ የሚመስል ኬክ ከወተት ቅባትና ከማርማላታ ጋር አመጡልን። አጠገባችን ሁለት ሽማግሌዎች ውሻቸውን በኬክ ይለማመጡታል።

«ሻይ እንደ እንግሊዝ የሚያውቅ የለም በል እስቲ» አለች እህቴ።

«ሳያውቁት አይቀሩም።»

ስኒዋን አስቀመጠች። «ከጠዋት ጀምረህ አንድ ነገር አልተቃወምህም።»

«ደክሞኝ ነው፣ እትዬ።»

«አንተ? ወባ አንቀጥቅጦህ ከሐኪሙ ጋር የተከራከርህ ሰው?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማን ነው?» አለች።

መካድ ነበረብኝ፤ ቃል ሰጥቻለሁ። ኬኩን አየሁት።

«አባባ ናቸው?»

«አዎ።»

ሳህኑን ከፊቷ ገፋችው። መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ታመው ነበር ወይ አለች፤ ሦስት ቀን ብቻ አልሁ። ማን አጠገባቸው ነበር? እኔ። የት ተቀበሩ? እናታችን አጠገብ። ቀበሌ ቅጽ እንደሚሞላ ሰው አንድ በአንድ መለስሁ። አንዷንም ስናገር ድምፄ አልተለወጠም፤ እንዲለወጥ ጠብቄ ነበር።

በጣቶቿ ሳምንቱን ቆጠረች። «ያን ቀን የደወልሁ ጊዜ ተቀብረው ነበር ማለት ነው።»

«አዎ፣ በማግስቱ ነበር።»

«ተኝተዋል ያልኸኝ አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላው ቢለኝ አይገርመኝም ነበር» አለች። ከዚህ ሌላ አልወቀሰችኝም። ውሻው መጥቶ ጫማዋን አሸተተ፤ ሽማግሌው ይቅርታ ጠየቋት፤ ምንም አይደል አለቻቸው በእንግሊዝኛ፣ ፈገግ ብላ።

«እዚህ መጮህ አይቻልም» አለች። «ሰዎቹ የሚመጡት መቼ ነው?»

«ነገ ማለዳ።»

«እንደነገርኸኝ እንዳትነግራቸው። ስንቱ ሽፍቱን ቀይሮ ነው የሚመጣው። እዚያው እሰማለሁ።»

ልከራከራት ይገባ ነበር። የጻፍሁት ሁሉ ለዚህች ቀን የተጻፈ ይመስል ነበር። እሺ አልሁ።

እሁድ ገና በማለዳ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ከአንድ ቄስ ጋር መጡ። እህቴ ሲነጋጋ ተነስታ ለብሳ ነበር፤ ደወሉን ስትሰማ ልብሷን አውልቃ የሌሊት ቀሚሷን መልሳ አደረገችና ከፈተችላቸው። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ነገሯት። «አባባ» ብላ ጮኸች። ማስመሰል አልነበረም። ከትናንት ጀምሮ ይዛው የቆየችው ነው፤ ሴቶቹ ለሦስት ነው የያዟት። የጎረቤቱ እንግሊዛዊ ደንግጦ በሩን አንኳኳ፤ አንዱ ወጥቶ አስረዳው።

እኔ ሻይ እቀዳ ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አሉ። «ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ነገር ሳታሳያት። ለመርዶ እንዳንተ ያለ ሰው ነው።»

እህቴ ከሴቶቹ መሀል ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኋቸው። «ሻይ ልድገምዎት ወይ?»