ልዩነቱን ብቻ ነው የምልከው

በሁለት ዓይን ስለሚታይ ቪዲዮ ግምገማ የተቀመጠ ሰው ከእኔ በቀር መኖሩን እጠራጠራለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያኔ ሶዶ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። እህቴ ደግሞ ቤሌ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበረች። በወሊድ ክፉኛ የተቀደደች እናት ስትገጥማት መስፋት አለባት፤ ትምህርቷ ግን ከመጽሐፍና ከስፖንጅ አላለፈም። ሶዶ ያለ አንድ ሐኪም ለማሠልጠኛ የበሬ ምላስ ሲሰፋ በስልኬ ቀርጬ ወሰድኩላት። ደጋግማ አየችውና ስልኩን መለሰችልኝ።

«ታ እሻው» አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «መርፌው ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ አይታይም። ሁሉም ጠፍጣፋ ነው።»

እውነቷን ነበር። ጥልቀት የሚታየን ሁለቱ ዓይኖቻችን ትንሽ የተለያየ ነገር ስለሚያዩ ነው። ሁለት ትንንሽ ካሜራዎች ጣውላ ላይ ጎን ለጎን አሰርኩ። ለየዓይኑ የየራሱን ምስል የሚለየውን መነጽር የሠራሁት የሰፈራችን ስልጤ ባለሱቅ ስጦታ ከሚጠቀልልበት ቀይና ሰማያዊ ላስቲክ ነው። ሐሳቤ ሐኪሙ ሶዶ፣ እሷ ቤሌ ሆነው አንዱ የሌላውን እጅ እያየ እንዲሠሩ ነበር።

ችግሩ መስመሩ ነው። ቤሌን ከሶዶ የሚያገናኘው የመንግሥት የኔትወርክ መስመር ሁለት ሙሉ ምስል ሲጫንበት ሁለቱም ይቆማሉ። ምስሎቹ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። ስለዚህ የግራውን ሙሉውን ትልካለህ፤ የቀኙን ኮምፒውተሩ ከግራው ተነስቶ ይገምተዋል፤ አንተ ግምቱ የሳተበትን፣ ልዩነቱን ብቻ ትልካለህ። ይህን ለማሠራት ወራት ፈጀብኝ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ስሞክረው ሐኪሙ መነጽሩን አደረገና የመርፌውን ጫፍ ሊይዝ እጁን ወደ ስክሪኑ ዘረጋ። የቀረኝ መስመሩን የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነበር።

ፈቃዱ ከሠራተኞች ግምገማ በኋላ ይታያል ተባልኩ። በዚያ ዘመን ኔትወርክ የሚለው ቃል ስብሰባ ላይ ሌላ ትርጉም ነበረው፤ ለሥልጣንና ለጥቅም በስውር የሚሳሳቡ ሰዎች ማለት ነው። በዚያ ቃል የተጠራ ሰው ከእንጀራው ይፈናቀል ነበር።

«መምህር» አለ የግምገማው ሰብሳቢ፣ «ቤሌ ድረስ ኔትወርክ ዘርግተሃል የሚል ጥቆማ አለ።»

«ገና አልዘረጋሁም። ፈቃድ እየጠበቅኩ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ቃለ ጉባኤ ያዡ ጻፈ።

«እዚያ ማን አለ?»

«እህቴ።»

«እህትህ ጤና ጣቢያ ነው የሚሠራው?» አለ፣ እንደ አካባቢያችን ሰው አማርኛው ላይ ጾታውን አምታቶ። «እንግዲህ በዝምድና ነው።»

ማስረዳት ጀመርኩ። የግራው ምስል መሠረት ነው፣ የቀኙ በግራው ላይ ጥገኛ ነው፣ እኔ የምልከው ልዩነቱን ብቻ ነው አልኩ። በዚያ አዳራሽ ከዚህ የባሰ ቃል መርጬ ልናገር አልችልም ነበር። ጥገኛ ማለት የሕዝብ ሀብት የሚመጠምጥ ነው፤ ልዩነት ማለት ተቃውሞ ነው፤ ግራና ቀኙንማ ተዉት። አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ ጉልበቴን ጨበጥ አድርጎ «ሂሱን ዋጥ አድርገህ ቁጭ በል» አለኝ። እልኸኛ ነኝና ተነስቼ ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓይን ሣልኩ፤ ከሁለቱም ወደ አንዲት መርፌ መስመር አሰመርኩ።

ሰብሳቢው ስዕሉን ትክ ብሎ አየው። «ለአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ምስል ይበቃል» አለ። «ሁለተኛው ብክነት ነው።»

ሞኝ ሰው አልነበረም። ለብዙ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው፤ ገብቶት እንደነበረ ዓይኑ ላይ አይቻለሁ። በዚያ ወንበር ተቀምጦ ገብቶኛል ማለት ግን አልተመቸውም። እኔን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው፤ ባይገባው ኖሮ ይቅር እለው ነበር።

ፈቃዱ ቀረ። ካሜራዎቹን ወስደው ስብሰባ መቅረጫ አደረጓቸው። በዓመቱ ሪፖርት ላይ አንድ ኔትወርክ መበጠሱ እንደ ድል ሲነበብ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ባልደረባዬም አጨበጨበ።

ክረምት ላይ እህቴ ደወለችልኝ። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች አንዲት ሴት ሰፍታ ነበር። ቁስሉ ከላይ ተዘግቷል፤ ከሥር ግን ይደማ ነበር፤ መርፌው እዚያ አልደረሰም። ደሙ እንዳልቆመ ሲገባት መኪና ተለምኖ ተገኘ። ሴትዮዋ ግን ሶዶ ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች። ሕፃኑን አያቱ ወሰደችው።

እህቴ አላለቀሰችም። «እንዲያው በእግዚአብሔር፣ ያንተ ነገር ቢፈቀድ ኖሮ» አለችኝ፣ «የመርፌው ጥልቀት ይታየኝ ነበር?»

«ይታይሽ ነበር» አልኳት።

«እሺ» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ክፉኛ የተቀደደች እናት ስትገጥማት መርፌ አታነሳም። ጨርቅ ጠቅጥቃ መኪና ትለምናለች። መኪናው ሁልጊዜ አይገኝም።