አንድ ቃልና አንድ ጉርሻ

ግማሽ ነገር ወድጄ አላውቅም። ብየዳ ስማር የሰፈሩን በያጅ ሁሉ እስክበልጥ ድረስ ነው የተማርኩት። ዛሬም አብነት ሰፈር ውስጥ ብትዘዋወሩ ግድግዳው አርጅቶ እየዘመመ እኔ የበየድኩት የብረት በር ቀጥ ብሎ የቆመበት ቤት ታገኛላችሁ። እንግሊዝኛንም እንዲሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ፊደል እስክለይ ብቻ ነበር። የቀረውን ከብየዳ ኤሌክትሮድ ካርቶን ላይ ጀምሬ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በናስትሮ ካሰርኩት መዝገበ ቃላት ጨረስኩት። ከዳር እስከ ዳር ማለቴ ነው። ከልደታ እስከ ሰንጋ ተራ ይህን ያደረገ ሌላ ሽማግሌ ካለ ይምጣና እንተያይ።

ስለዚህ አንድ ቀን ሆስፒታል ሄጄ ሐኪሟ እንግሊዝኛ ቀላቅላ ስትናገር አስተርጓሚ አልፈለግሁም።

ስኳር ከያዘኝ ቆይቷል። ያን ቀን የሄድኩት ግን ለዓይኔ ነበር። ሳነብ የቃሉ መሃል እየጠቆረ ያመልጠኝ ጀምሯል። ሐኪሟ ከመጨረሻ ልጄ በዕድሜ ታንሳለች። ዓይኔን በመብራት አገላብጣ ካየች በኋላ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገች።

«አባባ፣ ስኳሩ ዓይንዎን ከውስጥ እየጎዳው ነው። የተጎዳውን መመለስ ይከብዳል፤ የቀረውን ማቆየት ግን ይቻላል።»

«እንዴት ነው የሚቆየው?»

«መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰዱ። አመጋገብዎ ደግሞ ሞደሬት ይሁን። ይኸውም…»

«አትድከሚ ልጄ፣ ቃሉን አውቀዋለሁ» አልኳት።

እቤት ስደርስ ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲመጣለት፣ የመድኃኒት ወረቀት ሲቸግረው የእኔን በር ነው የሚያንኳኳው። ዓይኑ የደከመ አንባቢ መባል አልፈለግሁም። አጉሊ መነጽሬን ይዤ መዝገበ ቃላቴ ላይ ተደፋሁ።

መጠነኛ ይላል። መካከለኛ፣ ለዘብ ያለ፣ ቁጥብ፣ ልከኛ። እኔ ቃልን እንደ ብረት አንኳኩቼ ድምፁን ካልሰማሁ አልቀበልም። መጠነኛ የዝናብ ነው፤ ሬዲዮው «መጠነኛ ዝናብ ይጥላል» ባለ ቁጥር ጃንጥላ ልያዝ ልተው ግራ ይገባኛል። መካከለኛ የሸሚዝ ነው። ለዘብተኛ ከሁለቱም ወገን የሚሰደብ ፖለቲከኛ ነው። ቁጥብ ደስ ይለኛል፤ ግን ቁጥብ አንደበት ሲባል እንጂ ቁጥብ ሆድ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ልከኛ ደግሞ የልብስ ሰፊ ቃል መሰለኝና አለፍኩት።

«ቃል ነው ዛሬ ምሳህ?» አለች ባለቤቴ ሳህን ይዛ ቆማ።

«ምሳ ትቻለሁ።»

«ደግሞ ምን ልትሆን?»

እውነትም ትቼ ነበር። ከእነዚያ ቃላት ሁሉ ለእኔ የሚስማማው አንዱም አልነበረም፤ የሚስማማኝ መተው ነው። ሲጋራን በአንድ ጠዋት የተውኩ ሰው ነኝ። ዳቦ ተውኩ፣ እንጀራ ተውኩ፣ ምሳ የሚባለውን ነገር ከነስሙ ተውኩ። መድኃኒቱን ግን እንደታዘዝኩት ዋጥኩ። የሰፈር ሰው «ጋሼ፣ ገዳም ሊገቡ ነው?» እያለ ሲቀልድ ደረቴን ነፍቼ አልፍ ነበር።

ከዚያ ልደታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ፤ ወደቅሁም። ስነቃ መንገድ ዳር ተቀምጫለሁ። ከጎን ሱቅ ያላት ሴት በአንድ እጇ አንገቴን ደግፋ በሌላው ለስላሳ ታጠጣኛለች። «ይጠጡ አባባ፣ ዝም ብለው ይጠጡ» ትላለች። ያን ያህል የሸሸሁት ስኳር በማላውቃት ሰው እጅ አዳነኝ።

ሐኪሟ ስትሰማ ተቆጣች።

«እኔ ይተዉ አልኩዎት?»

«ሞደሬት ነው ያልሽኝ።»

«እና ሞደሬት ማለት ምን ማለት ነው?»

«መጠነኛ፣ መካከለኛ…» እያልኩ መቁጠር ጀመርኩ። እሷ ግን እስክጨርስ አልጠበቀችኝም። «መድኃኒቱን ውጠው ምግቡን ከተዉ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ከዓይንዎ በፊት እርስዎን ይወስድዎታል። በየሰዓቱ ይብሉ፤ ግን ጥቂት ይብሉ» አለችኝ።

በእግሬ ወደ ቤት ስመለስ አንድ ብየዳ ቤት በር ላይ ቆምኩ። በያጁ ልጅ ስስ ላሜራ ይበይዳል። ድምፁን እንደሰማሁ ኃይሉ እንደበዛበት አወቅሁ፤ ወዲያው ላሜራው ተበሳ። ኃይሉን ቢያሳንሰው ደግሞ ብየዳው ላይ ላዩን ተቀምጦ ሳይነክስ ይቀራል። ልኩ ሲገኝ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ጭስስ የሚል ድምፅ አለው። ያን ድምፅ ዕድሜ ልኬን ስከተል ኖሬ ቃሉን ግን ለልብስ ሰፊ ሰጥቼው ነበር። ለላሜራ ያወቅሁበትን ለገዛ ሆዴ አያቅተኝም አልኩ። መተው አንድ ጊዜ ቆርጦ መገላገል ነው። መመጠን ግን በየማዕዱ እንደ አዲስ መቁረጥ ይፈልጋል። ከባዱ ይሄ ነውና ለእኔ የተገባው ይሄ ነው።

እቤት ውስጥ ቻልኩበት። ባለቤቴ ትንሽ ታቀርባለች፣ እኔም እሱን በልቼ እነሳለሁ። ፈተናው የመጣው በግንቦት ልደታ ነው።

እንደምታውቁት ያን ቀን ማንም ቤቱ ገብቶ አይበላም። የኮንዶሚኒየማችን ሰው ሁሉ ግቢው መሃል ይወጣል፤ ንፍሮው በትልቅ ድስት ይቀቀላል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ በግ ይታረዳል። ይህን የምትመራው ምድር ቤት የምትኖር አንዲት ባልቴት ናት። እሷ ያላጎረሰችው ሰው በዓሉን አከበረ አይባልም።

«ዛሬስ እቤት ብትውል» አለች ባለቤቴ።

«ልደታ እየኖርኩ ከልደታ ልደበቅ?»

ወጣሁ። ከንፍሮው ጭብጥ አደረግሁ፣ ከዳቦው ቁራሽ ወሰድኩ፣ በዝግታ አኘክሁ። ባልቴቷ ከሩቅ ስትከታተለኝ ቆይታ በወጥ የራሰ ጉርሻ ጠቅልላ መጣች።

«ጋሼ፣ የእመቤታችንን ማዕድ ሊንቁ ነው?»

«ምን በወጣኝ እትዬ፣ ይኸው እየበላሁ አይደል።»

«ይሄማ ለወፍም አይበቃ። በሞቴ።»

አፌን ከፍቼ ጎረስኩ። ጣፈጠኝ። የወራት ረሃቤ ሁሉ ምላሴ ላይ ተነሳ። ውጬ ሳልጨርስ ሁለተኛው ተጠቅልሎ አፍንጫዬ ሥር ደረሰ።

«አንድ ያጣላል» አለች።

ከበው የቆሙት ሁሉ «አንድ ያጣላል ጋሼ» እያሉ ሳቁ። ሁለተኛውን የተቀበለ ሦስተኛውን እምቢ እንደማይል ሁላችንም እናውቃለን። ወጡ ከእጇ ላይ እየተንጠባጠበ ነው።

«እንግዲያው እንጣላ እትዬ» አልኳት። «ነገ ጠዋት ደጅዎ መጥቼ እታረቅዎታለሁ።»

ሳቁ ቆመ። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ከዚያ ጉርሻውን ለጎረቤቷ አጉርሳ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ባለቤቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ ግን ከቦታዬ ሳልንቀሳቀስ ምርቃቱ እስኪያልቅ ቆየሁ።

ጠዋት በሯን አንኳኳሁ። ከፈተች እንጂ ይግቡ አላለችም።

«ከስንት ዘመን ጉርብትና በኋላ እጄን መለሱት» አለች።

«ዓይኔ ነው እትዬ። ስኳሩ እየወሰደብኝ ነው። ማንበብ ከቀረብኝ ከእኔ ምን ይቀራል?»

ይህን ከሐኪሟ በቀር ሰው ሰምቶት አያውቅም፤ ባለቤቴ እንኳ። ባልቴቷ በሩን ለቀቀችልኝ፤ ወንበርም ሳበችልኝ።

«ታዲያ ትናንት ቢነግሩኝ አንዱንም አላጎርስዎትም ነበር።»

«አንዱንማ ፈልጌው ነው» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ መዝገበ ቃላቴን በመስኮቱ ብርሃን ገለጥኩ። መሃሉ አሁንም ይጠቁራል፤ ከዳሩ ያለው ግን ይነበባል። ያለፍኳትን ቃል፣ «ልከኛ»ን፣ ፈልጌ አገኘኋት፣ ከሥሯም በእርሳስ አሰመርኩ። ሁለተኛ ጉርሻ እምቢ ብሎ ጎረቤቱን ያላጣ ሰው በዚህ ግቢ እኔ ብቻ ነኝ። ለከርሞ ግንቦትም እወጣለሁ፤ አንዱን እጎርሳለሁ።